ጭቃ ጭቃ ይላል

ሀጂራ ቶሮንቶ ውስጥ ከሪጀንት ፓርክ ስካርቦሮ ድረስ በሁለት አውቶቡስ እየመጣች ዓሣ ትቀምስ ነበር። ቀልዴን አይደለም፤ የሚከፍሏት ለዚሁ ነው። በገንዳ የሚረባ ዓሣ ውኃው ሲበላሽ ሥጋው አፈር አፈር ይላል። ስለዚህ ዓሣው ከገንዳ ከመውጣቱ በፊት ከአንዱ ጅራት አካባቢ ቆርጣ፣ ያለ ጨው በማይክሮዌቭ አብስላ፣ አሽትታ፣ አላምጣ ትተፋዋለች። «ጭቃ ጭቃ ይላል» ካለች ያ ሁሉ ዓሣ ንጹሕ ውኃ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል። እኔ ማሸጊያ ክፍል ነኝ። በስምንት ዓመት አንድም ቀን ስትሳሳት አላየሁም።

ችግሩ ምላሷ አብሯት ቤት መግባቱ ነው። ባሏ አደም ወገቡን አሞት ታክሲውን ካቆመ ወዲህ ወጥ የሚሠራው እሱ ነው። ከሥራ ስትገባ «እስቲ ቅመሺልኝ» ይላታል። እሷ ደግሞ ደክሟታል፤ ቀኑን ሙሉ እንከን ሲፈልግ የዋለ አፍ በምን ይመለሳል? ሽንኩርቱ አልበሰለም፣ ዘይቱ ቆይቷል፣ ምስሩ ጆንያ ጆንያ ይላል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። አንድ ቀን አደም ማማሰያውን አስቀምጦ ሳይበላ ተኛ። ሦስት ቀን ወጥ ቤት አልገባም።

«ስመኝ፣ ባሌንም እንደ ዓሣው ቼክ እያደረግኩት ነው» አለችኝ በምሳ ሰዓት። «ሰለቸኝ። እናንተ ጋ ፓኪንግ ብገባ ይሻለኛል።»

አለቃችንን ብትጠይቀው የሚተካሽ የለም አላት። ከዚያ ቦታ የሚያስነሳት ቀማሽ በየዓመቱ የሚፈተነውን የምላስ ፈተና መውደቅ ብቻ ነበር። በፈረንጆቹ 2012 መጋቢት ላይ ስድስት ሳህን ዓሣ አቀረቡላት። ሁለቱ ጭቃ ጭቃ እንደሚሉ ገና ስታሸታቸው አውቃለች። ስድስቱንም «ንጹሕ» ብላ ፈረመች። አለቃው ዕድሜ ነው ብሎ አዘነላት፤ በሳምንቱ አጠገቤ ቆማ ካርቶን ማሸግ ጀመረች። እኔ ግን በጣም ተናደድኩባት። እንዲህ ያለ ሙያ ይጣላል?

አደም ያን ሰሞን ወደ ወጥ ቤቱ ተመልሶ ነበር። እሷም ፓኪንግ በገባችበት ቀን፣ ምንም ቢያቀርብልኝ አመሰግነዋለሁ ብላ አውቶቡስ ውስጥ ለራሷ ምላ ገባች። ምስር በማንኪያ አቀበላት።

«ይጣፍጣል» አለችው። «ምንም አልጎደለውም።»

አደም ማንኪያውን ተቀበላት።

«ጨው እኮ አልጨመርኩበትም» አላት። «ልኩን አንቺ ትነግሪኛለሽ ብዬ እየጠበቅኩሽ ነበር።»

ይህን የነገረችኝ ካርቶን እያሸገች ነው፤ እጇ አላረፈም። ከዚያ ወዲህ ወር አልፏል፤ አደም አሁንም ወጥ ይሠራል፤ ጨውንም ራሱ ይጨምራል። ቅመሺልኝ ግን አይላትም።