ያልተበላው ወታደር

በዞኑ የሠራተኞች የቼዝ ውድድር ለፍጻሜ የደረስኩት ፊደል በቆጠርኩ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው። ያሸነፈ አዋሳ ይሄዳል። እኔ ከካፋ ወጥቼ አላውቅም። ሐይቅ የሚባለውን ያየሁት በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ነው፤ ሰማያዊው ቀለም ከመስመሩ አልፎ ተቀብቶ። ያን ሰሞን ግን ሕልሜ ሁሉ ውሃ ነበር።

የገጠመኝ ማታ ማታ ፊደል ያስቆጠረኝ መምህር ሆነ፤ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ በዕድሜ ብዙ የምበልጠው ልጅ።

«ጋሼ፣ ዛሬ አልራራልዎትም።»

«ማን ራራልኝ አለህ?»

ጉሙ በአዳራሹ መስኮት እየገባ ነበር፤ ደመና ላይ የተቀመጥን መሰልን። ከንጉሡ ጠጠሬ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ገፋሁ። እሱም እንዲሁ። ቀጥዬ ከጎኑ ያለውን ወታደር በነጻ እንዲበላው ፊቱ አቀረብኩለት። እኛ ማንኪራ ጫካ ውስጥ የንብ ቀፎ የምንሰቅለው እንዲህ ነው፦ ውስጡን በሚሸት ቅጠል ታጥናለህ፣ ዛፍ ላይ ትሰቅላለህ፣ ትጠብቃለህ። ንብ ተጎትቶ አይመጣም። ቢበላልኝ መሃል ሜዳውን ይለቅልኛል።

አልበላም። ጳጳሱን አውጥቶ ንጉሤ ሊሸሸግበት ያሰበውን ጥግ ከሩቅ ዘጋብኝ።

ሰሌዳውን አየሁ። ጥቁሩ ቤት ጥላ፣ ነጩ በቅጠል መሃል የሚወርድ ፀሐይ መሰለኝ። ገባሁበት። ፈረሴ በዛፎቹ መካከል ሲዞር፣ የእሱ ግንብ ሲናድ እያየሁ ሄድኩ፣ ሄድኩ። ከዛፎቹ ወዲያ ውሃ ያብለጨልጭ ነበር።

ዳኛው ትከሻዬን ነካ። «ሰዓትዎ አልቋል። ተሸንፈዋል።»

እኛ ቡና መጋዘን ውስጥ ስንጫወት ሰዓት የሚባል ነገር የለም፤ የሚያስብ ሰው አስቦ እስኪጨርስ ይጠበቃል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰዓት የእኔን ጊዜ እየቆጠረ መሆኑን ረስቼው ነበር።

ሰው ወጣ። መምህሩ ጠጠሮቹን ሳይነካ ቁጭ እንዳለ ነው።

«ጋሼ፣ ሰዓቱን እንተወውና እንጨርሰው። እንዲህ ማሸነፍ አይጥመኝም።»

«አዋሳ የምትሄደው አንተ! ምን ቀረህ?»

«ይጫወቱ እንጂ! ፈሩ እንዴ?»

ፈራ መባል አልወድም። ተጫወትን። በሐሳቤ ያየሁትን ሁሉ ሞከርኩ፤ አንዱም አልሆነም። ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ንጉሤን መውጫ አሳጣው።

«ቼክሜት» አለ፣ ያዘነ መስሎ።

በሰዓት ነው የተሸነፍኩት እያልኩ ዕድሜ ልኬን ማማረር እችል ነበር። ያቺንም ወሰደብኝ።