ከዓርብ እስከ ሰኞ የማይጠፋው ሰሌዳ

ቀይ እስክሪብቶ እወድ ነበር። ደሴ በወረድኩ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሜ የምገዛው እሱን ነበር። የእንግሊዝኛ መምህር ሆኜ መካነ ሰላም ስመደብ ዕድሜዬ ሃያ አራት፣ ጉራዬ ደግሞ ከዕድሜዬ በላይ ነበር። የተማሪ ደብተር ከፍቼ ስህተት ካጣሁ ቀኑን ሙሉ ቅር ይለኝ ነበር።

ስህተት ደግሞ ሞልቶ ተርፎ። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ ከገጠር መጥተው ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ናቸው፤ በየሁለት ሳምንቱ ስንቅ ሊያመጡ አገራቸው ደርሰው ይመለሳሉ። እንግሊዝኛውን የሚጽፉት በአማርኛ አስበው ነው። ግሱን እንደ ለመዱት ወደ መጨረሻ ይወስዱታል፤ ትናንት ያለፈውን ነገር ዛሬ የሚሆን አስመስለው ይጽፋሉ። ፀሐይን «ሺ» ይሏታል፣ በእኛ ቋንቋ ሴት ናትና። «ኢዝ» የምትባለዋን ቃል ደግሞ እንደ ጨው በሁሉም ላይ ይነሰንሷታል፤ «ሂ ኢዝ ጎ»፣ «ሺ ኢዝ ከም»። ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ አንድ ነው እላቸው ነበር። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ ማን አደረገው? መቼ አደረገው? ሁለቱ ከተመለሱ ግሱ ይስተካከላል። እስከ ዛሬም ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላገኘሁም።

የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የነበረች አንዲት ልጅ ግን በዚህ መድኃኒት አልድን ብላ አስቸግራኝ ነበር። አባቷ ከከተማው የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቅ ደብር የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው። በዓመቱ መጀመሪያ «ስለ ቤተሰባችሁ ጻፉ» ብዬ ሳዝ፣ ቤታችን አራት ሰው አለ ብላ ጀመረችና ስለ አባቷ «ማይ ፋዘር ዘይ አር ፕሪስት» ብላ ጻፈች። አባቷን በብዙ ቁጥር አንቱ ማለቷ ነው። «ዘይ»ን ሰርዤ በላዩ «ሂ» ጻፍኩበት። በማግስቱ ደብተሯን ይዛ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች።

«ቲቸር፣ ይኼማ አባቴን አንተ ማለት ነው።»

«እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም።»

«እሱ ባይኖረው እኔ አለኝ» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ወዲህ እሷ «ዘይ» ስትጽፍ እኔ ስሰርዝ ከረምን። ከተማሪዎቼ ሁሉ በስህተቷ የምትከራከረኝ እሷ ብቻ ስለነበረች ደስ ትለኝ ነበር።

የሌሎቹ ችግር ሌላ ነው። ከመጽሐፍ ይገለብጣሉ። ባቡር አይቶ የማያውቅ ልጅ በባቡር ስለ መጓዙ ይጽፍልኛል። አንድ ቀን ተናደድኩና ደብተሮቹን ጠረጴዛው ላይ ከምሬ እንዲህ አልኳቸው፦ «ከእንግዲህ የመጽሐፍ ወሬ አልፈልግም። በቤታችሁ የሆነውን፣ እውነቱን ጻፉ። ደብተራችሁን ከእኔ በቀር ማንም አያየውም።» ይህን ስል ከልቤ ነበር።

ነገር ግን ሌላም ልማድ ነበረኝ። ከየደብተሩ የሰበሰብኳቸውን አሥር የተሳሳቱ ዓረፍተ ነገሮች ዓርብ ዓርብ በነጭ ጠመኔ ሰሌዳው ላይ እጽፍና በቀይ ጠመኔ አርማቸዋለሁ። የጸሐፊው ስም አይጠቀስም። ጽሑፉ እስከ ሰኞ እዚያው ይቆያል፤ ሰሌዳውን ያጠፋ ተማሪ ይቀጣል። አላፊ አግዳሚው አይቶ እንዲማርበት ነው እል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ሥራዬ እንዲታይልኝም ነበር። ከሰጠሁት ቃል ጋር እንደሚጣላ አንድ ቀን እንኳ አልታየኝም። ስም የለበትማ።

ከጥምቀት በኋላ «ባለፈው ሳምንት የሆነውን ጻፉ» ብዬ የቤት ሥራ ሰጠሁ። የቄሱ ልጅ «ማይ ብራዘር ኢዝ ከም ፍሮም ዋር። ሂ ኢዝ ስሊፕ ኢን ዘ ዴይ» ብላ ጻፈች። ወንድሜ ከጦርነቱ መጣ፣ ቀን ቀን ይተኛል ማለቷ ነው። ብሔራዊ ውትድርና ልጆቹን ከየገበያው የሚለቅምበት ዘመን ነበር። ከግንባር ያለ ፈቃድ ተመልሶ ቀን እየተኛ ማታ የሚወጣ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ያገሩ ሕፃን ሁሉ ያውቃል፤ ከተያዘ ምን እንደሚጠብቀውም ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። ግን ያን ዕለት የታየኝ ሁለት ትርፍ «ኢዝ» ነው። ለዓርብ የሚሆን ጥሩ ስህተት አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ደስ አለኝ።

ዓርብ ከትምህርት በኋላ ክፍል የማጽዳቱ ተራ የእሷ ነበር። ሁሉም ሲወጡ መጥረጊያውን እንደያዘች ሰሌዳው አጠገብ ቆመች።

«ቲቸር፣ ሰሌዳውን ላጥፋው?»

«ደንቡን ታውቂው የለ?»

«አራተኛዋን መስመር ብቻ።»

«ስህተትሽ አሳፈረሽ እንዴ? አብሽሪ፣ ስምሽ የለበትም። ደሞ ማን ያነበዋል ብለሽ ነው?»

በ«ዘይ» ጊዜ እንደዚያ የተከራከረችኝ ልጅ አሁን ወደ መጥረጊያዋ ተመለሰች። ወለሉን ጠርጋ ጨርሳ ወጣች። የስንቋ ሳምንት አልነበረምና ወደ ቤቷም አልሄደችም። ያመነችኝ ይመስለኛል።

በማግስቱ ቅዳሜ የገበሬ ማኅበራት ሊቀመናብርት ስብሰባ በዚያው ክፍል ተደረገ። መምህራን ቃለ ጉባኤ እንድንይዝ ስለምንታዘዝ ጸሐፊው እኔ ነበርኩ። ስብሰባውን ሊመራ ከክፍለ ሀገር የመጣው ካድሬ ሰዎቹ እስኪሟሉ ድረስ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሰሌዳውን ያነብ ነበር። እንግሊዝኛ ያውቃል።

«ጓድ መምህር፣ ይኼ የእርስዎ ሥራ ነው?»

«አዎ፣ የተማሪዎቼን ስህተት የማርምበት ነው።»

«የሚደነቅ ነው» አለና ጣቱን አራተኛው መስመር ላይ አሳረፈ። «ይቺን ማን ጻፋት?»

የሚደነቅ ነው መባሌ ልቤን አሳብጦት ነበር። «አንዲት ጎበዝ ልጅ ናት፣ የቄስ ልጅ» ብዬ የደብሩን ስም ጨመርኩለት።

«መቼ ነው የመጣው ታዲያ ወንድሟ?»

«ባለፈው ሳምንት።» የቤት ሥራው ርዕስ እሱ ስለነበር ነው እንዲህ የመለስኩት።

ካድሬው ከኪሱ ትንሽ ደብተር አውጥቶ ጻፈ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ የዚያ ደብር ገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ተቀምጦ ነበር፤ የደብሩን ስም ሲሰማ አንገቱን ደፋ። ያን ጊዜ ገባኝ። የገዛ ትምህርቴን፣ ማንንና መቼን፣ አሟልቼ መልሼለት ነበር።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የእኔስ ታውቆኛል። ስብሰባው ሲያልቅ ገና ስድስት ሰዓት ነበር፤ የልጅቷን ኪራይ ቤትም አውቀዋለሁ። ሄጄ «ሩጪ» ብላት ሳይመሽ ትደርስ ነበር። እስከ ሰፈሯ ድረስ ሄጃለሁም። ከዚያ አንድ ሰው ቢያየኝስ አልኩና ተመለስኩ። ፈራሁ። ቤቴ ገብቼ ቃለ ጉባኤውን በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ገለበጥኩ።

እሑድ አባቷ ቅዳሴ ላይ ሳሉ ሚሊሻዎች ቤቱን ከበው ወንድሟን ያዙት። ሰኞ ክፍል ስገባ የእሷ ቦታ ባዶ ነው። ሰሌዳውን ራሴ አጠፋሁት። ያን ሳምንት ሐሙስ መጥታ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች፤ ዓይኗን እንዳላይ ጀርባዬን ለክፍሉ ሰጥቼ አስተማርኩ።

ከአሥር ቀን በኋላ አባቷ ራሳቸው ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። ልጅቷ ከኋላቸው ቆማለች።

«መምህር፣ ልጄን ወደ ደሴ ወሰዱት ይላሉ። ከዚያ ወዲያ የት እንዳደረሱት የሚነግረን ጠፋ። ለመንግሥት የሚገባ ማመልከቻ ይጻፉልኝ ብዬ ነው፤ ልጄ ስለ እርስዎ ጉብዝና አውርታ አትጠግብም።»

ወረቀት አወጣሁ።

«ማን እንደነገረብን ነው የማይገባኝ» አሉ ቄሱ። «ጎረቤት እንኳ አላየውም። አራታችን ብቻ ነበርን የምናውቀው።»

ቀና ስል ልጅቷ ታየኛለች። አሁን ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ፤ እንድትናገርም ፈልጌ ነበር፣ ቢያንስ ከእኔ አፍ እንዳይወጣ። ዝም አለች። እኔም «ለሚመለከተው ሁሉ» ብዬ ጀመርኩ። ጽፌ ስጨርስ ፊቴን ያዩት ቄስ እኔኑ አጽናኑኝ።

«አብሽሩ መምህር፣ እግዜር ያውቃል። እግዜር ይስጥልኝ።» መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ተሳለምኩ።

ለማመልከቻው መልስ አልመጣም። ዓርብ ሰሌዳ ላይ መጻፉን ተውኩት፤ ለምን እንደሆነ የጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም። በዓመቱ መጨረሻ ምን ያህል እንደተሻሻሉ ለማየት የመስከረሙን ርዕስ ደግሜ ሰጠኋቸው፦ ስለ ቤተሰባችሁ ጻፉ።

የቄሱ ልጅ አምስት መስመር ጻፈች። ቤታችን ሦስት ሰው አለ። አባቴ ቄስ ነው። እናቴ ቤት ትውላለች። እኔ ተማሪ ነኝ። ሁላችንም ደኅና ነን። ሁሉም በጥሩ እንግሊዝኛ ነው፤ አንድ «ኢዝ» ያለ ቦታው አልገባም። አባቷንም «ሂ» ብላቸዋለች።

ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንዲት ስህተት ባገኝ፣ አንዲት «ዘይ» ብቻ ባገኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። የሚታረም አልነበረውም። አሥር ከአሥር ጻፍኩበት። ደብተሯን ስሰጣት ያገኘችውን ማርክ እንኳ ሳታይ ዘግታ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ቲቸር» ብላ ወጣች።