ጥርሱን ያላየንለት ዲስክ

ባለቤቴ ሲሞት የተወልኝ ዲስክ ሲሰካ ቀጭን የመንቀጭቀጭ ድምፅ አለው። ባለፈው ሳምንት ሰካሁት። ሞቅ ሲል የወጣው የአቧራና የጋለ ፕላስቲክ ሽታ አዲሱ ገበያ፣ ፎቅ ላይ ወደነበረው የኮምፒውተር ማሠልጠኛ መለሰኝ።

አሠልጣኛችንን ዛሬም እንቀዋለሁ። ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ክፍል ይገባ ነበር። ክራባቱን በጣቱ እየጠቀለለ "ሊኑክስ የፈሪ አይደለም" ይለናል፤ በጽሑፍ ትእዛዝ ከሚሠራው ከዚያ የኮምፒውተር ሥርዓት የሚያውቀው ግን ደብተሩ ላይ የገለበጣቸውን ጥቂት ትእዛዞች ብቻ ነበር። እኔም ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ለቀልዱ ሁሉ እስቅለት ነበር።

ባሌ ያኔ ከበግ ገበያው ሰፈር፣ ከሸጎሌ፣ የሚመላለስ ዝምተኛ ተማሪ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ክፍል ሳይጀመር፣ ይህንኑ ዲስኩን በአሠልጣኙ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ አንድ ፎቶ አሳየኝ። የሞተች እናቱ ነበረች፤ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ስባ ፀሐይ ስትሸሽ። የወረቀቶቹን ፎቶዎች ጣሪያው ያፈሰሰው ዝናብ አበላሽቷቸዋል። የቀሩት እዚያ ዲስክ ላይ ያሉት ብቻ ነበሩ።

አሠልጣኙ ገባና ለትምህርት የምንጠቀምበትን ባዶ ዲስክ ከጎኑ ሰካ፤ ፎርማት ማድረግን፣ ማለትም ዲስክን ሙሉ በሙሉ መጥረግን፣ ሊያሳየን ነበር። ሊኑክስ ዲስኮችን በተሰኩበት ተራ ፊደል ይሰጣቸዋል። ባዶው በዋዜማው "ቢ" ነበር። ያን ቀን ግን የባሌ ዲስክ ቀድሞ ስለተሰካ "ቢ" እሱ ሆኗል።

"ቲቸር፣ መጀመሪያ የዲስኮቹን ዝርዝር እንየው፤ ፊደሉ ተቀይሮ ይሆናል" አለ ባሌ።

"አንተ፣ ይሄ የሸጎሌ በግ መሰለህ እንዴ? ጥርሱን ፈልቅቀን እንይልህ?"

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉም ጎልቶ የተሰማው የእኔ ሳቅ ነበር።

ማሽኑ ከሰውዬው ይሻላል፤ "ቢ"ን ጥረግ ሲባል "እዚህ ላይ ሌላ የፋይል ሥርዓት አለ፤ ላጥፋውና ልቀጥል?" ብሎ ጠየቀ። አሠልጣኙ "ደግሞ ይጠይቀኛል!" ብሎ ፈቀደለት። ከአፍታ በኋላ የባሌ ዲስክ አዲስ ነበር፤ ንጹሕ፣ ባዶ። የሠራውን ሲያውቅ "ትናንት እኮ ቢ ነበር" አለና ክራባቱን አስተካክሎ ወጣ። ይቅርታ የምትባል ቃል ደብተሩ ላይ አልነበረችም።

ደረጃው ላይ ደረስኩበት። ዲስኩን በሹራቡ ጠቅልሎ ይዞ፣ ሳያየኝ፣ "ግድ የለም። አንቺ አይተሻት የለ?" አለኝ። ስስቅ የጮኸው አፌ ያን ጊዜ ተዘጋ።

ትናንት የባሌ ታናሽ ወንድም ሊጠይቀኝ መጣ። ዲስኩን አገላብጦ አየና "እህቴ፣ ይሄማ አርጅቷል። ፎርማት ላድርግልሽና ልጆቹ ፊልም ይጫኑበት" አለኝ። ድምፁ ቁርጥ የዚያን አሠልጣኝ ነው።

"እስቲ ንካው!" አልኩት።

ሲሄድ፣ ባሌ እንደሚያደርገው መጀመሪያ ዝርዝሩን ከፈትኩ። ያኔ ዲስኩ ከተጠረገ በኋላ ባሌ እንደገና ሲያዘጋጀው ስም ሰጥቶታል፤ የእኔን ስም። አሁን የእሱ ፎቶዎች ሁሉ ያሉት እዚያ ሥር ነው። ለመክፈት አልደፈርኩም። ስሜን እያየሁ ቁጭ አልኩ፤ ዲስኩም ቀስ እያለ ይንቀጨቀጫል።

አዎ፣ አይቻታለሁ። ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ስባ ነበር።