እትዬ ፊውዝ እና የወንድሟ አምፕሊፋየር

የሠፈሩ ሰው እውነተኛ ስሟን ረስቶታል። የተበላሸ ሬዲዮ ታቅፎ የመጣ ሁሉ ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ «ፊውዙን አይተኸዋል?» ስለምትለው «እትዬ ፊውዝ» ሆና ቀርታለች። ዕድሜዋን በስልክ ቤት ጥገና ክፍል ነው የፈጀችው። መሥሪያ ቤቱ አሮጌዎቹን ማሽኖች ሲያስወግድ እሷንም አብሮ አሰናበታት። አልቅሳ ሲወጣላት፣ መበየጃዋን ይዛ ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ተከራየች። እዚያ ቤት ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ነው የሚያወራው።

ታላቅ ወንድሟ በወጣትነቱ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነበር፤ ከባንዱ ጋር ሸክላ አስቀርጿል። ስትሮክ ግራ እጁን ካሰረበት ወዲህ የቀረችው ደስታ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ያንን ሸክላ ማዳመጥ ናት፤ ያውም በዚያው ዘመን በገዛው አምፕሊፋየር። እሷም እሑድ በመጣ ቁጥር ሄዳ ትጠይቀዋለች።

አንድ እሑድ ሸክላው እየዞረ ሳለ ፊቱን አጨፈገገ።

«ምነው ጋሼ፣ አመመህ?»

«እኔ የለሁማ!» አላት። «ዘፋኙ አለ፣ ትራምፔቱ አለ፤ ከበሮው ሲመታ እኔ ጥርግ ብዬ እጠፋለሁ። ሳልሞት ቀበሩኝ እኮ!»

ጆሮዋን ወደ ስፒከሩ አስጠጋች። እውነቱን ነው። ከበሮው ጠንከር ባለ ቁጥር ወፍራሙ ድምፅ ደረጃ ላይ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ቀጥ ይላል። ሌሎች ጠጋኞች «ዕድሜው ነው፤ ጣሉትና አዲስ ግዙ» ብለውት ነበር። «ዕድሜው ነው» የሚለውን ከሐኪሞቹም ሰምቶታልና ቃሉን ጠምዶ ይዞታል።

አምፕሊፋየሩን በፎጣ ጠቅልላ ወሰደችው። ክዳኑን ከፍታ ምንም ነገር ከመንካቷ በፊት በካፓሲተሮቹ ውስጥ የቀረውን ኃይል አስተነፈሰች። «ካፓሲተር ቂመኛ ነው» ትላለች ሁልጊዜ፤ «ከተለያያችሁም በኋላ ይዞ ይቆያል።» ለማያውቅ ሰው ስታስረዳ ደግሞ መብራቱን በቧንቧ ውሃ፣ ካፓሲተሩን በበርሜል ትመስለዋለች። ከበሮ ሲመታ አምፕሊፋየሩ በአንዴ ብዙ ይጠጣል፤ በርሜሉ ካነሰ ወይም ካረጀ፣ ቧንቧው እስኪሞላው ድረስ ዘፈኑ ይጠማዋል። የወንድሟ በርሜሎች አናታቸው አብጦ፣ ውስጣቸው ደርቆ ነበር።

አሮጌዎቹን በአዲስ ተካች። ከዚያ «ለጋሼ ከሆነማ» አለችና ተጨማሪ ደረደረችለት። ውስጡ ቦታ ስላልነበረው ከጀርባው የቆርቆሮ ሳጥን ገጥማ ትልልቅ ካፓሲተሮች ጠቀጠቀችበት። ብታበራው፣ ጧ! ፊውዙ ሄደ። ሌላ አስገባች፤ እሱም ሄደ።

ጎረቤቷ ጫማ ሰፊው አንገቱን በበሩ አስገብቶ፣ «እትዬ፣ ፊውዙን አይተውታል?» አላት።

ሳቋ አመለጣት፤ ውስጧ ግን እርር ብሏል። «ታዲያ ወፈር ያለ ፊውዝ አያስገቡም?» ቢላት ቆጣ አለች።

«ፊውዝ ማወፈር ማለት ዘበኛውን አስክሮ ሌባውን ማስገባት ነው! ቤቱን በእሳት ላስበላው?»

በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ አሰበች። ጥፋቱ የስስቷ እንደሆነ ገባት፤ ያ ሁሉ ባዶ በርሜል መብራቱ እንደበራ በአንዴ አፉን ይከፍታል። እናም ግማሹን ነቅላ አወጣች። መብራቱን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉትን ዳዮዶች በጠንካሮች ለወጠች። ከስልክ ቤት ዘመኗ ካስቀረቻቸው ዕቃዎች በመብራት ኃይል ራሷ የምትከፍትና የምትዘጋ አንዲት ማብሪያ፣ ሪሌ የምትባለዋን ፈልጋ፣ ኃይሉን መጀመሪያ በጠባብ በር ቀስ አድርጋ የምታስገባ፣ በርሜሎቹ ሲሞሉ ደግሞ ሰፊውን በር የምትከፍት አድርጋ ሠራቻት። አበራችው። ፊውዙ ንቅንቅ አላለም። እንዲያም ሆኖ አላመነችውም፤ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ እንዲውል አድርጋ፣ በየመሀሉ በእጇ መዳፍ ሙቀቱን ስትለካ ዋለች።

እሑድ ይዛው ሄደች። ሪሌዋ ቀጭ አለች፤ መርፌው ሸክላው ላይ አረፈ። ከበሮው መጣ፤ ከሥሩም ቤዙ እንደ ወፍራም ገመድ ሳይበጠስ ተዘረጋ። የወንድሟ የቀኝ እጅ ጣቶች ጉልበቱ ላይ መንቀሳቀስ ጀመሩ።

«እዚህች ጋ ጣቴ ተልጦ ነበር» አለ ቆይቶ፤ «በፕላስተር ጠቅልዬ ነው የተጫወትኳት።»

ሚስቱ የዕቃ ማድረቂያ ጨርቅ በእጇ እንደያዘች ከኩሽና ብቅ አለች። ያገባችው ባንዱ ከተበተነ በኋላ ነውና ሲጫወት አይታው አታውቅም። ያንን ሸክላ ስንት ዓመት ሰምታዋለች፤ የባሏን ድምፅ ግን ለይታ አታውቀውም ነበር።

«ይሄ ወፍራሙ... አንተ ነህ?»

እህቱ ቀድማው መለሰች፦ «እሱ ነው እንጂ ማን ይሆናል!»

ሚስትየው ጨርቁን ጭኗ ላይ አድርጋ አጠገቡ ተቀመጠች። «እስቲ ድገሙልኝ» አለች።

ወሬው ከሠፈር ሠፈር ዞረ። «ለኛም ካፓሲተር ጨምሪልን» ባዩ በዛ። እሷ ግን አብዛኛውን አይታ ትመልሰዋለች፤ «የእርስዎ ጤነኛ ነው፤ የተቀደደው ስፒከርዎ ነው» ትላለች። ከዚያ ወዲህ ዝናዋ ሥራዋን እንዲያዝዛት አልፈቀደችም።

እሑድ እሑድ ሸክላውን ማጫወቻው ላይ የምታስቀምጠው አሁን የወንድሟ ሚስት ናት። እትዬ ፊውዝ ጫማዋን አውልቃ ሶፋው ላይ ጋደም ትላለች። አንዳንዴ ዘፈኑ ሳያልቅ እንቅልፍ ሸለብ ያደርጋታል፤ ማንም አይቀሰቅሳትም።