የእትዬ አሰለፈች ጠርሙስ

ባለፈው ሰሞን አንድ ዘመዴ ሰርግ ላይ፣ ከሆቴሉ መግቢያ አጠገብ በመስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ የተቆለፈበት አሮጌ የስኮትላንድ ዊስኪ አየሁ። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ ጥጉ ተበልቷል፣ ትከሻው ላይ ያለው አቧራ እንኳን አልተነካም። ሰው ሁሉ ወደ አዳራሹ ሲገባ እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ያን ሁሉ ሽቶ አልፎ ላምባ ሸተተኝ፤ በአካባቢው ግን ላምባ የያዘ ሰው አልነበረም።

ልጅ እያለሁ ከራጉኤል ጀርባ፣ አምስት ቤተሰብ በአንድ ግቢ ተጠጋግተን እንኖር ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ቢሆነው ነው። አባቴ ምናለሽ ተራ ባዶ ጠርሙስ ይሸጥ ነበር። ቆራሌዎች በየሰፈሩ ዞረው የሰበሰቡትን በጆንያ ያመጡለታል፤ እኛ ግቢ ውስጥ ይታጠብና ለማር ነጋዴው፣ ለዘይት ቸርቻሪው፣ ለአረቄ አውጪዋ ይሄዳል። እጥበቱ የእናቴና የእኔ ነበር። ጠርሙሱን ሙቅ ውሃ ውስጥ እንዘፈዝፈዋለን፣ ወረቀቱን በጥፍራችን እንልጣለን፣ አልለቅ ያለውን ሙጫ ላምባ በነካ ጨርቅ እናሸዋለን፣ ክዳኑን በአመድ እናበራዋለን። ወረቀት የቀረበትን ጠርሙስ ገዢ "ቆሻሻ" ብሎ ይመልሰው ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ በግቢው እንደ እኔ ጠርሙስ የሚያጸዳ አልነበረም፣ ጉራዬም ለጉድ ነበር።

እትዬ አሰለፈች የግድግዳ ጎረቤታችን ነበሩ። ባላቸው በንጉሡ ጊዜ ሹም እንደነበሩ ይወራል፤ እኔ የማውቃቸው ግን ዳዊታቸውን አፍንጫቸው ሥር አስጠግተው የሚያነቡ ብቸኛ አሮጊት ሆነው ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ "ነይ እስቲ መልክሽን ልየው" ብለው ፊቴን ወደ ብርሃን ያዞሩታል። በዚያ ክረምት ቀኝ ዓይናቸው ጠፋ። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ ግራውም ቶሎ ኦፕራሲዮን ካልተደረገ ይጠፋል፣ ከጠፋ ደግሞ አይመለስም አላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የግቢው ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት ጀመረ። ዝናቡም አላባራ አለ፤ እኔ ምክንያቱን ሳላውቅ ሌሊት ሌሊት እባንን ነበር።

ያኔ ነው ሳጥናቸውን ከፍተው ጠርሙሱን ያወጡት። ለባላቸው በስጦታ መጥቶ ሠላሳ ዓመት ያልተከፈተ ዊስኪ ነው። አባቴ ወዳጁን ጋሼ ከበደን ጠራቸው፤ ጋሼ ከበደ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በአንድ ትልቅ ሆቴል መጠጥ ቤት ውስጥ ሲሠሩ ነው። ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አንስተው መጠጡ አንገቱ ድረስ መሆኑን አዩ፣ ክዳኑን ዳሰሱ፣ ወረቀቱ ጥግ ላይ የድሮውን አስመጪ ማኅተም አገኙ። "አደራ፣ ይህ ወረቀት እንዳይነካ፤ ዋጋው ያለው እሱ ላይ ነው" አሉ። እንዲህ ዓይነቱን ገዝቶ ውጭ አገር ላሉ ሰብሳቢዎች የሚሸጥ ሰው እንደሚያውቁ፣ የሚከፍለውም ለኦፕራሲዮኑ በቂ እንደሆነ ነገሯቸው። እኔ በዚያ ሰዓት ወፍጮ ቤት ተልኬ ነበር። ማታ ወደ ጆሮዬ የገባው ቅዳሜ ገዢ እንደሚመጣና የእትዬ አሰለፈች ዓይን እንደሚድን ብቻ ነው።

ዓርብ ከሰዓት እናቴ እህል በረንዳ ወርዳ ነበር። ጠርሙሱ ገዢው እስኪመጣ ለአባቴ በአደራ ተሰጥቶ፣ እኛ ቤት ቁም ሳጥን ላይ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኩትና ስገልጠው አፈርኩ። ወረቀቱ ሻግቷል፣ ክዳኑ ጠቁሯል። ለእትዬ አሰለፈች ዓይን የሚሸጥ ጠርሙስ እንዲህ ሆኖ ገዢ ፊት ይቀርባል? ውሃ አሞቅሁ። ውስጡ ውሃ እንዳይገባበት ክዳኑን ወደ ላይ አድርጌ፣ እንደ ሕፃን አቅፌ አጠብኩት። ወረቀቱ አላስቸገረኝም፤ ሙጫውን በላምባ፣ ክዳኑን በአመድ እስኪያበራ አሸሁት። እጣቢውን ቦይ ውስጥ ደፋሁና ጠርሙሱን አባቴ ገና ከበር እንዲያየው ጠረጴዛው መሃል አቆምኩት።

አባቴ ገባ፣ አየው፣ ጆንያው ላይ ቁጭ አለ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። "ወረቀቱስ?" አለኝ። ወደ ቦዩ ጠቆምኩት። በዝናቡ ወጥቶ በእጁ ቦዩን ሲፈልግ ቆየና ባዶ እጁን ተመለሰ።

ቅዳሜ ሰውየው ከጋሼ ከበደ ጋር መጣ። ጠርሙሱን አገላብጦ የሚያብረቀርቀውን ክዳን አየ፤ ቀና ብሎ ደግሞ ግቢያችንን አየ። ግድግዳው ሥር የታጠቡ ጠርሙሶች ተደፍተው ተደርድረዋል።

"ይሄማ እዚሁ የተሞላ ነው" አለ።

"ጌታዬ፣ ሳናውቅ አጥበነው ነው እንጂ ስሙን የጠራሁት አምላክ ምስክሬ ነው!" አለ አባቴ።

"ሁሉም እንዲሁ ነው የሚለኝ" ብሎ ሳቀ። ጋሼ ከበደ ወረቀቱን በዓይናቸው እንዳዩት ቢምሉ ቢገዘቱ አልሰማቸውም። በዚያ ሁሉ የመርካቶ ዘመኑ አባቴን በሐሰት የጠረጠረው ሰው አላውቅም ነበር። ያን ቀን እውነቱን ተናግሮ አጭበርባሪ ተባለ።

እትዬ አሰለፈች ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። አባቴ ጠርሙሱን መለሰላቸውና "እኔ ነኝ፣ እትዬ። የሥራ ልማድ ሆኖብኝ አጠብኩት። ይቅር ይበሉኝ" አላቸው። እሳቸው በአውራ ጣታቸው የጠርሙሱን ሆድ ከላይ እስከ ታች ዳበሱት፤ ልሙጥ ነው። አባቴ ሲሄድ እኔን ጠሩኝ፣ ሁለቱን እጆቼን ይዘው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ከዓርብ ማታ ጀምሮ በሳሙና ስፈትጋቸው ነበር፤ ላምባው ግን አልለቀቀም። "በይ ሂጂ ተጫወቺ" አሉኝና እጄን ለቀቁት።

አባቴ ለኦፕራሲዮኑ የቻለውን ያህል ገንዘብ ከዘመድ ወዳጅ ሲለቃቅም ከረመ፤ አልሞላም፤ መስቀል ሳይደርስ የግራው ዓይናቸውም ጠፋ። ያን ጥፋት እስኪሞት ድረስ በራሱ ላይ ተሸከመው። እሳቸውም እያወቁ አንድም ቀን ምስጢሬን አላወጡብኝም።

ዛሬ ጠርሙሱ እኔ ቤት ነው፤ ሲያርፉ ለእኔ ተናዝዘውልኝ ነው። መጠጡ ከአንገቱ ወርዷል፣ ማንነቱን የሚናገር ምንም ነገር የለውም። ያኔ አቧራ ዋጋ እንዳለው የሚነግረኝ አልነበረም፤ ዛሬ ሰዎች አቧራውን ራሱን መስታወት ውስጥ ቆልፈው ሲጠብቁት አያለሁ። እሱን እያየሁ እዚያ ሆቴል በር ላይ አለቀስኩ። ከዚያ ክረምት በኋላ እትዬ አሰለፈች አሥራ አንድ ዓመት ኖሩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ዳዊታቸውን አነብላቸዋለሁ። ከመጀመሬ በፊት ግን ሁልጊዜ "ነይ እስቲ መልክሽን ልየው" ይሉኝና፣ ያን ጠርሙስ በዳበሱበት ጣት፣ ፊቴን ከግንባሬ እስከ አገጬ ቀስ ብለው ይዳብሱታል።