የጉና ሰው ጤፍ አይዘራም

ማክሰኞ በሦስት ሰዓት ደብረ ታቦር፣ ከዋርካው ሥር፣ ዳኛው እናቴን «ጤፍ መቼ ይዘራል?» ሲሉ ጠየቋት። ወንድሟ «አእምሮዋን ስታለች፤ የአባታችን ርስት ለእኔ ይገባል» ብሎ ከሷት ነበር። «እኔ እንጃ» አለች እናቴ።

«ሕፃን የሚያውቀውን!» አለ አጎቴ፤ ሸንጎው ሳቀ።

ሰው ፊት መናገር አልወድም፤ ያን ዕለት ግን ተነሣሁ። «ጌታዬ፣ እናቴ በልጅነቷ ጉና ተድራ እዚያው ኖረች። ጉና ውርጭ ነው፤ ጤፍ አያበቅልም። አእምሮዋን በጉና ሰው ይለኩት እንጂ በደብረ ታቦር ሰው አይለኩት።»

«የጉናን ሰው ከየት ላምጣ?» አሉ ዳኛው።

«እኔ አመጣለሁ!»

በማግስቱ ጧት ጉና ወጣሁና የእናቴን እኩዮች ከደጅ ደጅ እየዞርሁ ጤፍ መቼ እንደሚዘራ ጠየቅሁ። አንዳቸውም አላወቁም።

«ልጄ፣ አብደሻል? ገብስ ጠይቂን እንጂ!» አሉኝ።

«ይህንኑ ለዳኛው ንገሩልኝ» አልሁና ይዣቸው ወረድሁ።