ድምፄ በአንኮበር መንገድ

ስለ ዓለም ጉዳይ የምለው ያጣሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ጀርመን አገር ሠላሳ ዓመት ትራም ስነዳ፣ ሾፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው የሚል ጽሑፍ ከጀርባዬ ተለጥፎ ነበር። ተሳፋሪውን ከእኔ ለማዳን የተለጠፈ ይመስለኛል። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ግን የሚከለክለኝ ጠፋ። ሚስቴ ሞታለች። ልጆቼ አማርኛዬን ግማሹን ይሰሙታል፣ ግማሹን ይታገሡታል። የቀረኝ አድማጭ ደብረ ብርሃን የሚያስተምረው ታናሽ ወንድሜ ብቻ ነበር። በአሥራ ሁለት ዓመት ስለምበልጠው «ጋሼ» ነው የሚለኝ። አባታችን ከሞተ በኋላ ያስተማርኩት እኔ ስለሆንኩ ይሁን በጨዋነቱ እንጃ፣ ስናገር አቋርጦኝ አያውቅም።

ጠዋት ጠዋት ዜና ሰምቼ ስጨርስ ስልኬን ወደ አፌ አስጠግቼ የድምፅ መልእክት እልክለታለሁ። አሥር ደቂቃ፣ አንዳንዴ ሃያ። የማላነሳው ነገር አልነበረም፤ የኃያላኑ መንግሥታት ግብዝነት፣ የጋዝ ዋጋ፣ ትራም ውስጥ ከጥቁር ሰው ጎን ያለው ወንበር ለምን መጨረሻ ላይ እንደሚሞላ፣ ጠርሙስ በቀለሙ ካልተለየለት የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣለ ብላ ለአከራዬ ደብዳቤ የጻፈችብኝ ጎረቤቴ። ስለ አገሬም እናገራለሁ። ስለ አገሬ ስናገር ድምፄ ይወፍራል። የእሱ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ሰምቻለሁ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

ዘንድሮ እሱን፣ ሚስቱንና ልጆቹን ልጠይቅ ደብረ ብርሃን መጣሁ። አልጋውን ለቀቀልኝ፤ ሚስቱ ደግሞ የደብረ ብርሃን ብርድ እንዳይጎዳኝ ያላትን ሁሉ ደራረበችልኝ። በሳምንቱ አንኮበር ወርጄ ያሳደገችንን አክስታችንን ካላየሁ አልኩ።

«መንገዱ ሰሞኑን ጥሩ አይደለም ጋሼ። ትንሽ ብንቆይ?»

«የእናንተ ችግር ፍርሃት ነው» አልኩት። «ሕዝብ ሲፈራ ነው መንገድ የሚዘጋው።» ሚስቱ ቀና ብላ አየችኝና ወደ ጓዳ ገባች። ወንድሜ በማግስቱ አብሮኝ ሊሄድ ከትምህርት ቤት አስፈቅዶ መጣ።

መናኸሪያ ሚኒባሱ ሞልቶ ሊነሳ ሲል ሾፌሩ ወደ ኋላ ዞረና «ስልካችሁን አጽዱ» አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ በአንድ ጊዜ አቀረቀረ። መንገድ ላይ የሚያስቆም ታጣቂ ስልክ ስለሚፈትሽ፣ ፎቶም መልእክትም ቀድሞ ይጠፋል። እዚህ ሰው ይህን የሚያደርገው እኛ የደኅንነት ቀበቶ እንደምናስረው ነው። ወንድሜም አውራ ጣቱን እያመላለሰ ያጠፋ ጀመር።

«የገዛ ስልኩን የሚፈራ ሕዝብ!» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማኝ አድርጌ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ጠና ያለች ሴት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከፊት ያለው፣ ወደ አሊዩ አምባ የሚመለስ ነጋዴ ቆቡን እያስተካከለ «ቀስ ይበሉ አባባ፣ ሁላችንም ቤተሰብ አለን» አለኝ። ወንድሜ ጉልበቴን ጨበጥ አደረገኝ።

ከተማውን ለቀን የገብሱን ማሳ እያቋረጥን ብዙ ሄድን። አንድ መታጠፊያ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ አገኘን። ሦስት ታጣቂዎች ነበሩ። የማን ወገን እንደሆኑ እዚህ አልጽፍም፤ ወንድሜ ዛሬም በዚያ መንገድ ይመላለሳል። ከእኛ በፊት ካለፈው መኪና የወረደ አንድ ጎልማሳ ቦዩ ዳር ተቀምጧል፤ ጫማው ወልቋል። ማንም ዓይኑን ወደ እሱ አላነሳም።

ሁላችንም ወረድን። ሴቶችና ሽማግሌዎች ዳር እንድንቆም ተነገረን፤ ወንዶቹ ስልካቸውን ይዘው ተሰለፉ። ከሦስቱ አንዱ፣ ሃያ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ እያንዳንዱን ስልክ ሳይቸኩል ያገላብጣል። ተራው ወንድሜ ዘንድ ሲደርስ ጥቂት አየና ቆም አለ።

«ሁሉን አጥፍተህ ይሄን ለምን ተውከው? ይሄ ጋሼ ማነው?»

ወንድሜ መልእክቶቼን አላጠፋቸውም ነበር።

«ታላቅ ወንድሜ ነው። ውጭ አገር ነው የሚኖረው።»

«ምን እያለ ነው ይሄን ሁሉ የሚያወራው?» አለና ድምፁን ከፍ አድርጎ ከፈተው።

ድምፄ በዚያ ሜዳ ላይ ተሰማ። ፈረንጆቹ ስለ ቁጠባ ሲያስተምሩን ኖረው ዛሬ ጋዝ ሲወደድባቸው ሁለት ሹራብ ደርበው ይንቀጠቀጣሉ እያልኩ ነበር። ትንሽ ሰምቶ ወደሚቀጥለው አለፈ። የጎረቤቴና የጠርሙሱ ታሪክ መጣ። እሱንም አለፈው። በሦስተኛው ትልልቆቹ መንግሥታት በአንድ እጃቸው እርዳታ እያደሉ በሌላው ጥይት ይሸጣሉ አልኩ።

«እውነቱን ነው» አለ ታጣቂው ራሱን እየነቀነቀ።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በዚያ ሰዓት እንኳ ደስ አለኝ።

አራተኛውን ገና ስልኩ ውስጥ ጉሮሮዬን ስጠርግ አወቅሁት። ወንድሜም አውቆታል መሰል ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«መሣሪያ ያነገተ ሁሉ አንድ ነው» አለ ድምፄ፣ «የዚህም ይሁን የዚያ። የገበሬውን በሬ አርዶ በልቶ፣ የመምህሩን ደሞዝ ነጥቆ፣ ነፃ አወጣሃለሁ ይለዋል። ሌቦች ናቸው! እኔን የሚያሳዝነኝ ደፍሮ የሚነግራቸው ሰው መጥፋቱ ነው። እኔ ብሆን ፊት ለፊት ቆሜ ነበር የምነግራቸው።»

መልእክቱ አለቀ። ታጣቂው ልጅ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ይሄን ለስንት ሰው አስተላለፍክ?»

«ለማንም።»

«ታዲያ ለምን አስቀመጥከው?»

መልስ ሳይጠብቅ ልጁ በጠመንጃው አፍ ቦዩ ዳር ወደተቀመጠው ሰው አመለከተ። «ጫማህን አውልቅና እዚያ ተቀመጥ።»

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ይፈታ ጀመር። ከእኔ የሚጠበቀው ሦስት ቃል ነበር፤ ድምፁ የኔ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ፓርላማ የማያዳርሰውን ንግግር ስናገር የኖርኩ ሰው ሦስት ቃል አቃተኝ። ምላሴ ተሳሰረ ብል ይቀለኝ ነበር፤ እውነቱ ግን ፈራሁ። ቤት ያለችው ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ ሁሉም በፊቴ መጡ። እንዲያም ሆኖ አልተናገርኩም።

ወንድሜ እንዳጎነበሰ ዞሮ አየኝ። ልጁም ዓይኑን ተከትሎ ወደ እኔ መጣ።

«አባባ፣ ከእሱ ጋር ነዎት?»

«አዎ» አልኩ።

ስልኩ ላይ ከሰማው ድምፅ ጋር እንደሚያስተያይ ሰው አንገቱን ዘንበል አደረገ። «እስቲ ይድገሙት?»

ይህን ጊዜ ወንድሜ በአንድ እግር ጫማ እየሮጠ መጥቶ መካከላችን ቆመ። «ተወው ወንድሜ፣ ጋሼ ማለት እሱ ነው። ጤነኛ አይደለም። ሰው አገር ብቻውን ሲኖር አእምሮውን ነካው። ቀኑን ሙሉ ለስልክ ሲያወራ ነው የሚውለው። ያሳደገችን አክስታችን ዘንድ ብወስደው ይሻለዋል ብዬ ነው።»

ልጁ ፊቴን አጠና። «አባባ፣ አሁን የት ነው ያሉት?»

የምመልሰውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ወንድሜ አላስገደደኝም።

«ፌርማታ ላይ ነኛ» አልኩት። «ትራሙ ዛሬም ዘገየ። ለአለቃው እነግረዋለሁ።»

የልጁ ትከሻ ወረደ። «አባቴም መጨረሻው ላይ እንዲህ አድርጎት ነበር» አለ ቀስ ብሎ። ስልኩን ለወንድሜ መለሰለት። «አሁኑኑ አጥፋው። ሌላ ሰው እጅ ቢገባ አይለቅህም። ሽማግሌውን ብርድ ላይ አታቁመው።»

ድንጋዩ ተነስቶልን አለፍን። ጫማው የወለቀው ሰው እዚያው ቀረ።

ወንድሜ መልእክቶቼን አንድ በአንድ ያጠፋቸው ጀመር።

«ለምን መናኸሪያ ሳለን አላጠፋኸውም?» አልኩት በሹክሹክታ።

«አባታችን ሲሞት ድምፁ የትም አልቀረልንም» አለ ቀና ሳይል። «ያንተም እንደዚያ እንዳይሆን ብዬ ነው።» ጣቱ ግን ሥራውን አላቆመም። የሦስት ዓመት ንግግሬ ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም።

አጠገቤ ያለችው ሴት በእኔ ላይ አሻግራ ወንድሜን ጠየቀችው። «ከጀመረው ቆየ እንዴ?»

ወንድሜ መኪናውን በዓይኑ ዞር ዞር ብሎ ቃኘ። ማን ምን እንደሆነ፣ የትኛው ተሳፋሪ ወርዶ ለማን እንደሚያወራ የሚያውቅ የለም። «ቆየ» አለ።

«አንኮበር እንደደረሳችሁ ጠበል አስገቡት። ሰባት ቀን ጠዋት ጠዋት። የአክስቴ ልጅ እንዲህ ሆኖ ድኖበታል።»

ነጋዴው ዞሮ «አላህ ያሽረው» አለ። «እኛም ዘንድ ዱዓ የሚያደርጉ ትልቅ ሰው አሉ። ካልተሻለው ወደ አሊዩ አምባ አውርዱት፤ እኔ ራሴ እወስደዋለሁ።»

«የውጭ ኑሮ ነው እንዲህ የሚያደርጋቸው» አለ ሾፌሩ በመስታወቱ እያየኝ። «የሚያናግራቸው ሰው የለም አሉ።»

በውጭ ኑሮ ላይ አከራካሪ አስተያየት ሲሰጥ ዝም ብዬ የሰማሁት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው። ደህና ነኝ ማለት እችል ነበር። ጠመንጃው ኋላ ቀርቷል። ነገር ግን ደህና ከሆንኩ፣ ወንድሜ ጫማውን ሲያወልቅ ቆሞ ያየው ሰው ጤነኛ ነበር ማለት ነው። እነዚህ ደጎች ስለ እኔ ያዘኑትን ያህል ያን ጊዜ ይንቁኛል።

ወንድሜ ስልኩን ኪሱ ከተተና በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ። ሴትዮዋ እጄን በሁለት እጆቿ ያዘች።

«እግዜር ምሕረቱን ያውርድልዎት፣ አባቴ።»

«አሜን» አልኳት።